መስቀሉና ጥርሱ በአንድ ክር

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስንቀመጥ፣ ጡረታ መውጣቴን የሰሙ ሰዎች "ለመሆኑ ምን ነበር የምትሠሪው?" ይሉኛል። "ዕቃ አጸዳ ነበር" እላለሁ። የቤት ጽዳት ይመስላቸዋል። አላርማቸውም፤ ውሸት አልተናገርኩምና። ያጸዳሁት ዕቃ ግን አንዳንዱ ከሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ የቆየ ነው። ያጸዳሁበትም ብዙውን ጊዜ ምራቄ ነበር። ይህን ሻይ በእጁ ይዞ ለሚሰማ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ሥራ ልጄን አሳድጌበታለሁ። ዓይኔም እጄም እስከ መጨረሻው አልከዱኝም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀርቷል፤ ዛሬም አልገባኝም። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረች አንዲት ሳክሶን ሴት አንገቷ ላይ ያሰረችው ክር ነው። ብጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት ባለቤቴ ቀድሞኝ መጥቶ ወረቀቱን ከጨረሰልኝ በኋላ ነው። ልጃችን ሐና ሲልቨር ስፕሪንግ ተወለደች። ስምንት ዓመት ሲሆናት አባቷ አረፈ። ያኔ ላንግሊ ፓርክ አንድ ላውንድሪ ቤት ሱሪ አሳጥርና ዚፕ እቀይር ነበር። አዲስ አበባ ጥልፍ ተምሬ ስለመጣሁ መርፌው አልቸገረኝም፤ እንፋሎቱ ግን ደረቴን ያዘኝ። እዚያ ሁለት ዓመት እንደቆየሁ፣ አንድ እሑድ አሌክሳንድርያ የቢሮ ጽዳት የሚሠሩት እትዬ አልማዝ ጠሩኝ።

"ትራስ የሚሰፋ ሰው የሚፈልጉ ነጮች አሉ" አሉኝ።

"ለማን ነው ትራሱ?"

"ለዕቃ።"

"ዕቃ ትራስ ምን ያደርግለታል፣ እትዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሄደሽ ዕቃውን ጠይቂው።"

ሄድኩ። በፈረንጆቹ 2003 ነበር። ቤቱ ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ብዙ የማይርቅ፣ ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ነው። ሙዚየሞችና ኮሌጆች፣ የድሮ ዕቃ የወረሱ ቤተሰቦችም የተሰበረና የዛገ ነገራቸውን ያመጣሉ፤ እዚያ ይጠገናል። ኃላፊው ግሬግ ይባላል፤ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ችኩል፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። ደመወዙ ከላውንድሪው ብዙም አይበልጥም። የጤና ኢንሹራንስ ግን ነበረው፤ ልጅ ላላት እናት ያ ትልቅ ነገር ነው። በየማለዳው ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተነስቼ፣ መሐል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀይሬ ወንዙን እሻገራለሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ውዳሴ ማርያሜን እጨርሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምድር ቤት ተቀምጬ ትራስ ሰፋሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የራሱ አልጋ ይኖረዋል። ጨርቁ ቀለም ያልነካው፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ መሆን አለበት። የዕቃው ደካማ ጎን የቱ እንደሆነ ታውቂና፣ እዚያ ላይ ጎድጎድ ታደርጊለታለሽ። የታመመ ሰው በየትኛው ጎኑ መተኛት እንደማይችል እንደማወቅ ነው።

አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወርደው የሰፋሁትን ትራስ አነሱ። ፊቱን አላዩትም። ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ሄዱበት።

"ጀርባው ጥሩ ነው" አሉና ወጡ።

ሚስ ኖራ ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሬን ወደ ላይ አስወሰዱት።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብዙ አያወሩም፤ እኔም አላወራም፤ ስለዚህ ተስማማን። ዕቃ ሲመጣ የመጀመሪያ ቀን አይነኩትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩታል፤ አንዳንዴ እስከ ምሳ ድረስ። ምሳቸው ፒር የሚሉት ፍሬ አንድ ብቻ ነው። አራት ቦታ ቆርጠው አንዱን ሁልጊዜ አጠገባቸው ላለ ሰው ይሰጣሉ። በጾም ቀን እንቢ ስላቸው ለማታ ብለው በወረቀት ይጠቀልሉልኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ዕቃውን ይገለብጡታል። "ፊቱ ሠሪው ሊያሳይሽ የፈለገው ነው፤ የሆነውን የምታገኚው ጀርባው ላይ ነው" ይሉኛል።

መሣሪያቸው የጃርት እሾህ ነበር። የጃርት እሾህ ከእንጨት ይጠነክራል፤ እንደ ብረት ግን አይቧጭርም፤ አፈርን ከዝገት ላይ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ሌላው ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ነው። ጥጡን አትፈትጊም፣ ታንከባልያለሽ። ከፈተግሽ ቆሻሻውን መልሰሽ ትቀቢዋለሽ።

"በምን ላርጥበው?" ብዬ ጥጡን ይዤ ጠየቅኳቸው።

"ምላስሽ ላይ አድርጊው።"

የቀለዱብኝ መሰለኝ። አልቀለዱም። ምራቅ ሙቀት አለው፤ ምግብ የሚያላላው ነገር ቆሻሻንም ያላላል፤ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል አሉኝ። በየሙዚየሙ የሚሠራበት ነገር ነው። የሳቸው አፍ ግን በሚወስዱት የደም ግፊት ክኒን ደርቋል። እንዲህ አድርጎ የእኔ ምራቅ የቤቱ ምራቅ ሆነ። ግሬግ ሲያልፍ "ሲጊ" ይለኛል፤ ጽጌ ማለት አይሆንለትም። "ሲጊ፣ አፍሽን ኢንሹር ላስደርገው ነው። ዛሬ ደግሞ ሽንኩርት በልተሻል፣ ብሩ ሲያለቅስ ይሰማኛል።"

እኔ ግን ነገሩ ከበደኝ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ እቆርባለሁ። የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ።

"አባ፣ ሥራ ቦታ ምራቄን እጠቀምበታለሁ።"

"ለምን?"

"ለማጽዳት።"

"ምን ለማጽዳት?"

"የሞቱ ሰዎች ጌጥ።"

ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ልጄ፣ እንጀራሽ ከሆነ ሥሪበት። የቆረብሽ ዕለት ግን አይሆንም" አሉኝ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም። ሥጋውና ደሙ ያረፈበት አፍ ነውና። ለሚስ ኖራ እንደሆነልኝ አስረዳኋቸው። "እንግዲያ እነዚያን ቀኖች አስቀድመሽ ንገሪኝ" አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ብዙ ዕቃ በእጃችን አለፈ። የመርከበኛ ኮት፣ ጆሯቸው የወለቀ የእንጨት ፈረሶች፣ ውሃ የበላው የሠርግ ፎቶግራፍ። አንዴ የሕፃን አሻንጉሊት ፊት ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ላነሳ ስል ሚስ ኖራ እጄን ያዙኝ። ነጥቧን የሳለቻት የአሻንጉሊቷ ባለቤት የነበረችው ሕፃን ናት፤ የራሷ ጉንጭ ላይ እንዳለው የማርያም ምልክት። ፎቶዋ ከሳጥኑ ሥር ነበር። ቆሻሻ የመሰለኝ ሁሉ ቆሻሻ እንዳልሆነ ያኔ ተማርኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተማርኩም።

የሳክሶኖቹ ሳጥን የመጣው በ2011 ነው። ሰሜን በኩል ያለ አንድ ኮሌጅ ላከው። እንግሊዝ አገር ድሮ የተቆፈረ የአንዲት ሴት መቃብር ነው። ብሮሽ የሚሉት፣ ከጀርባው መርፌ ያለው ሁለት ክብ የነሐስ ጌጥ ነበረበት፤ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ያያዘችበት። ማር የሚመስሉ ዶቃዎች ነበሩበት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ የብር መስቀልም ነበረች፤ ጎኗ ላይ የነሐስ ቆብ የገባለት የአውሬ ጥርስ በአረንጓዴ ዝገት ተጣብቆባታል። ጥርሱ ቢቨር የሚሉት፣ እንጨት በጥርሱ የሚቆርጥ የወንዝ አውሬ ነው።

መስቀሉን ሳይ ልቤ ሞቀ። "ይህቺ ክርስቲያን ናት። ማተብ ነው ያሰረችው" አልኳቸው።

"ማተብ ምንድን ነው?"

ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ጀርባውን ላየው?"

ገለበጥኩላቸው። ቋጠሮውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ማተቤን እንዲህ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

"ጥርሱስ?" አሉኝ።

"ጥርሱ አፈር ውስጥ መጥቶ የተጣበቀ ነው።"

"ሊሆን ይችላል" አሉ። ሚስ ኖራ "ሊሆን ይችላል" ሲሉ አልተስማሙም ማለት ነው።

ስለ ሳክሶኖች የማውቀው አልነበረም። እሳቸው ጥጥ እየጠቀለሉ ነገሩኝ። መነሻቸው ዛሬ ጀርመን የሚባለው አገር ሰሜን ነው። ገሚሶቹ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ገቡ፤ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። የተሻገሩትን መነኮሳት ሰበኩላቸው። ንጉሡ ሲጠመቅ ሕዝቡ ይጠመቃል፤ ልጁ ሲነግሥ ደግሞ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከጎረቤቶቻቸው ነገሥታት አንዱማ በአንድ ቤት ሁለት መሠዊያ አቁሞ ነበር ይባላል፤ አንዱ ለክርስቶስ፣ አንዱ ለቀድሞዎቹ። እዚያው ጀርመን የቀሩትን ደግሞ የጎረቤታቸው ሕዝብ የፍራንኮች ንጉሥ ብዙ ዓመት ወጋቸው። ሲያሸንፍ ሕግ አወጣ፤ ጥምቀት እንቢ ያለ ይሙት የሚል።

"ይሄ ጥምቀት ነው?" አልኩ።

"የልጅ ልጆቻቸው አብያተ ክርስቲያናት ሠርተዋል፤ ገዳም ገብተዋል። አንቺ ንገሪኝ።"

ምን ልንገራቸው? በሰይፍ የተጠመቀው አያት ነው ወይስ ወዶ የመነነው የልጅ ልጅ ነው እውነቱ? ባቡር ላይ ስቀመጥ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ መሐል ላይ ይጠፋኝ ጀመር።

ሐና ያኔ ሮክቪል ኮሌጅ ትማር ነበር። ከላይብረሪ መጽሐፍ አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታነብልኛለች።

"እማዬ፣ ኤሴክስ ማለት እኮ ኢስት ሳክሰንስ፣ የምሥራቅ ሳክሶኖች ማለት ነው።"

"እነ ወይዘሮ ብርሃኔ ያሉበት ኤሴክስ?"

"ኢግዛክትሊ፣ ባልቲሞር ጋ ያለው። እዚያ ሰፍረው አይደለም፤ ስሙ ከእንግሊዝ ተሻግሮ ነው።"

"እነሱ ጠፍተው ስማቸው መጣ በይኛ።"

"ሳይጠፉም ይሆናል። ሃርድ ቱ ሴይ።" ልጄም እንደ ሚስ ኖራ ሆነችብኝ።

አሁን ክፉውን ቀን ልጻፍ። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ ገብቼ ቆርቤ፣ ረፋዱ ላይ ሥራ ገባሁ። ለሚስ ኖራ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ለግሬግ ግን አልተነገረውም። የኮሌጁ ፎቶ አንሺ ከሰዓት ይመጣል፤ ግሬግ ሁሉም ይደርሳል ብሎ ቃል ገብቷል። ከብሮሾቹ አንዱ አልተጠናቀቀም። ጀርባው ላይ፣ መርፌው ባለበት፣ የልብሷ ክር አለ። ክሩ ራሱ በስብሷል፤ ዝገቱ ግን ሳይበሰብስ በፊት ገብቶበት ቅርጹን ይዟል። ሽመናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ግራ ቀኙ፣ ድርና ማጉ። ከዚያች ሴት ልብስ በዓለም ላይ የቀረው ያ ብቻ ነው።

"ሲጊ፣ ያንን አፈር ከዳር ዳሩ አንሺልኝ" አለ ግሬግ።

"ዛሬ አልችልም።"

"አሞሻል?"

"ቆርቤያለሁ።"

አልገባውም። ሚስ ኖራ "እኔ እሠራዋለሁ" አሉ። ምራቅ ስለሌላቸው ውሃና አልኮል ቀላቀሉ። አይቻለሁ፣ ጥጡን እንደ ሁልጊዜው አንከባለሉት። ግን ፈሳሹ ከምራቅ ይልቅ ይሮጣል። ከክሩ ሥር ገባ። ክሩን ከብሮሹ ጋር አጣብቆ የያዘው ዝገት ሳይሆን አፈር ኖሯል፤ አፈሩ ሟሟ። ጥጡን ሲያነሱት ሽመናው አብሮ ተነሳ። ጥጡ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ብቻ ቀረ።

ሚስ ኖራ ጥጡን አስቀመጡ። ተነሥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩና ቆመው አዩት፣ ልክ አዲስ እንደመጣ ዕቃ። ከዚያ ራሳቸው ወርደው ለግሬግ ነገሩት። "ክሩን አጥፍቼዋለሁ" አሉ። ምክንያት አልጨመሩም። ስለ እኔም ቃል አልተነፈሱም።

እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ያን ዕለት ባልቆርብ ልብሷ ይተርፍ ነበር። ላለመቁረብ ደግሞ አልችልም። ጥፋቱ የማን ነው? የሳቸው አይደለም። የእኔም አይመስለኝም። የእመቤታችንም ሊሆን አይችልም። ይህን ሁሉ ዓመት አገላብጠዋለሁ።

ኮሌጁ ተቆጣ። ግሬግ ሚስ ኖራን አላባረራቸውም፤ የሳክሶኖቹን ሳጥን ግን እንዳይነኩ አደረገ። ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው ለእኔ ጥጥ ይጠቀልላሉ። ፒሩን ያው አራት ቦታ ይቆርጣሉ።

ከሳምንት በኋላ ግሬግ መስቀሉን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

"ኤግዚቢሽኑ ስለ ክርስትና መግባት ነው" አለኝ። "መስቀሉን ለብቻው ይፈልጉታል። ጥርሱን ለይው፣ መስቀሉን ወልውለሽ አብሪው። አርብ ይወስዱታል። ደንበኛው ከዚህ ወዲያ አይታገሰንም፣ ሲጊ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የአውሬ ጥርስ ከመስቀል ጋር ማየት ሲከብደኝ ነበር። እግዚአብሔር ልብሷን ወስዶ መስቀሏን እንዳጸዳላት ሰጠኝ ብዬ አሰብኩ። እሾሁን አነሳሁ፣ ጥጡን ምላሴ ላይ አደረግሁ።

ሚስ ኖራ ከጠረጴዛው ዳር፣ ቀና ሳይሉ፣ "ጀርባውን አይተሽዋል?" አሉ።

ጥጡን ከአፌ አወጣሁ። ገልብጬ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት።

ክር ነበር። ዝገቱ አረንጓዴ አድርጎት፣ ሁለት ሆኖ የተገመደ። በመስቀሉ ቀለበት ይገባል፤ ወጥቶ በጥርሱ ቆብ ቀለበት ይገባል፤ ከዚያ ይቋጠራል። ቋጠሮው አንድ ነው። ጥርሱ አፈር ውስጥ መጥቶ የተጣበቀ አይደለም። አንድ ሰው፣ ምናልባት ራሷ፣ ምናልባት እናቷ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አስሯቸዋል።

ክሩን ማንሳት ቀላል ነበር። ጥጡን አንዴ ማንከባለል ነው። ክሩ ከሄደ መስቀሉ መስቀል ነው፣ ጥርሱ ጥርስ ነው፤ አብረው እንደነበሩ የሚያውቅ አይኖርም። ሚስ ኖራ አይናገሩም። ማንሳቱን እፈልግ ነበር። ግን እጄ አልሄደም። "ዛሬ አልነካውም" ብዬ ሸፈንኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከባቡር ስወርድ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ መስቀልና የአውሬ ጥርስ ባንድ ክር ያሰረች ሴት ክርስቲያን ናት?"

"ማናት? ከእኛ ሰበካ ናት?"

"አይደለችም። ሳክሶን ናት።"

"የት ነው የምትኖረው?"

"ሞታለች፣ አባ። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል።"

"እንግዲያ ፍርዷን ያገኘች ናት። አንቺ ምን አገባሽ?"

"ልጸልይላት ፈልጌ ነበር።"

"ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?"

"አላውቅም። ይኑራት አይኑራትም አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። እሳቸው አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "ቤትሽ ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ማታ ለሐና ነገርኳት። ስልኳን አስቀመጠች።

"እማዬ፣ አንቺስ ልጅ ሆነሽ ክታብ አልነበረሽም? ነግረሽኝ ነበር እኮ።"

ረስቼው ነበር። ወይም ረሳሁት ብዬ ነበር። ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ሊገድለኝ ሲል እናቴ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ከማተቤ ጋር አሰረችልኝ። የደብራችን ቄስ አይተው በሰው ፊት በምላጭ ቆረጡት። እናቴ ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ቤት ስንገባ ክታቡን ከመቀነቷ አውጥታ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ በዚያው ክር መልሳ አሰረችው። ቋጠሮውን በጥርሷ ስታጠብቅ ትንፋሿ አንገቴን ሲነካኝ ትዝ ይለኛል። እናቴ ጾም ሽራ አታውቅም። የሞተችው ስመ ሥላሴ እየጠራች ነው። እሷን ምን ልበላት?

"አልቅሰሻል?" አለችኝ ሐና።

"ዓይኔ ደክሞት ነው።"

በማግስቱ ለግሬግ "አልለያቸውም" አልኩት።

"ሲጊ፣ እባክሽ። በዚህ ሳምንት አይደለም።"

"አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። ና እይ።"

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ ፊቱ ደክሞታል። "አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ስልኩን እይዝልሻለሁ" አለ።

ኤግዚቢሽኑን የሚያዘጋጀው የኮሌጁ ፕሮፌሰር ጨዋ ድምፅ አለው። ያየሁትን ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረብኝ፤ "አንድ ክር፣ አንድ ቋጠሮ" የሚለውን ግን ደጋገምኩት።

"ታዲያ ምን ማለት ነው ትያለሽ? ክርስቲያን ናት?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ኤግዚቢሽኑ ላይ አላውቅም ብዬ መጻፍ አልችልም።"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ክሩን ግን እኔ አላነሳም። ሌላ ሰው ቢያነሳው መልሶ የሚያመጣው የለም።"

"እንዳለ ላኪው፤ እዚህ እንወስናለን" አለ። ምን ሊወስኑ እንደሆነ አልነገረኝም። እዚያ ለይተው ያበሩት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በእኔ እጅ የቀረ አንድ ሥራ ብቻ ነበር።

ወደ ምድር ቤት ወርጄ የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ትራሱን ሰፋሁ። የመስቀሉን ፊት የሚቀበል ጎድጓዳ በታች በኩል አደረግሁለት፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ እንዲተኛ። ሳጥኑን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቋጠሮውን ይሁን ብዬ ነው። ሚስ ኖራ ወርደው ትራሱን አነሱ። ገለበጡት። ስፌቱን በጣታቸው ሄዱበት። መልሰው አስቀመጡትና ወጡ።

በዚያ ወር መጨረሻ ሥራ ለቀቁ። እሾሆቻቸውን ለእኔ ተዉልኝ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሐና በመኪናዋ ሁለታችንንም ወሰደችን። መንገዱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። አዳራሹ ውስጥ ብሮሾቹ ነበሩ፤ አንዱ ጀርባው ባዶ። ሚስ ኖራ እሱ ጋ ቆሙ፤ እኔም አብሬያቸው ቆምኩ። ከዚያ ወደ መጨረሻው መስታወት ሄድን።

ከእኛ በፊት ሁለት ሴቶች ያዩ ነበር። አንዷ "ገልብጠው ነው እኮ ያስቀመጡት" አለች።

በሰፋሁት ትራስ ላይ ነበር፤ ጀርባው ወደ ላይ። መስቀሉም፣ ጥርሱም፣ ክሩም። ብሩ ጥቁር እንደሆነ፣ ሳይበራ።

"የተጻፈውን አንብቢልኝ" አልኳት ሐናን።

"መስቀልና የቢቨር ጥርስ፣ በአንድ ክር የታሰሩ። ያሰረቻቸው ሴት ምን ታምን እንደነበር አናውቅም።"

"ሌላስ?"

"ዛትስ ኢት፣ እማዬ።"

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አሉ ሚስ ኖራ። ከቦርሳቸው ፒር አወጡ። ዘበኛው መጥቶ እዚህ መብላት ክልክል ነው አላቸው።

እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተደሰትኩም። እናውቃለን ብለው ቢጽፉ ደስ ይለኝ ነበር። ክሩን ያተረፍኩት እኔ ነኝ፤ እንድገላገል የማይፈቅድልኝም ያው ክር ነው።

ከዚያ በኋላም እዚያው ቤት ሠራሁ፤ ብዙ ዕቃ አለፈ፤ እስከ ጡረታዬ። ያለፈው ዓመት ሐና ሴት ልጅ ወለደች። ሚስ ኖራ አሁን ብዙ አይወጡም፤ በሐና እጅ ለሕፃኗ ከራሳቸው አንገት ጌጥ የወጣች አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ላኩላት። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ ማተብ ታሰረላት። ቤት ገብተን ልብሷን ስለውጥ አየሁት። ሐና ዶቃዋን ከመስቀሏ ጎን አስገብታታለች።

"ሐና፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዶቃ ነው፣ እማዬ። የሚስ ኖራ። ጀስት ዶቃ ነው እኮ።"

ከስፌት ሳጥኔ መቀሱን አነሳሁ። ሐና አላስቆመችኝም። ሕፃኗን አስተካክላ ያዘችና ጠበቀችኝ። ክታቤን የቆረጡት የደብራችን ቄስ ትዝ አሉኝ። እናቴም ትዝ አለችኝ። ማን ልክ እንደነበረ ልወስን ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ክሩን በጣቴ ይዤ ገለበጥኩት። ቋጠሮው ላልቷል፤ ሐና መቼም ቋጠሮ አትችልበትም። መቀሱን አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ በጥርሴ አጠበቅሁላት።